ከማስቲካው ጎን ያለው ሲጋራ

«የሲጋራ ማስታወቂያ በሕግ ተከልክሏል፤ ልጆቻችንን ማን ያባብላቸዋል?» የሚል ወላጅ አቃቂ ውስጥ ብዙ ነው። ክልከላው እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያንም ስፖንሰርነትንም አግዷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥም አይፈቀድም።

ግን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሱቅ በደረቴውን ሳጥን ልብ ብላችሁ እዩት። ሲጋራው ከማስቲካና ከከረሜላ ጎን ተደርድሮ በፍሬ ይሸጣል። ተማሪ ለሙሉ ፓኮ አቅም የለውም፤ ለአንድ ፍሬ ግን ከታክሲ የተረፈችው ሳንቲም ትበቃዋለች። ከፓኮው ፊት 70 በመቶውን እንዲሸፍን የታዘዘው የማስጠንቀቂያ ሥዕልም ሻጩ ጋ ይቀራል፤ ልጁ እጅ አይገባም። እኔን ከማንኛውም ቢልቦርድ በላይ የሚያሰጋኝ ይሄ ነው።

ወጣት ላይ ማነጣጠሩ ደግሞ ታስቦበት የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ ከወጡት ሰነዶች አንዱ፣ አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያዘጋጀው፣ የሚጎድሉትን አጫሾች የሚተኩት ወጣቶች ብቻ እንደሆኑ በግልጽ አስፍሯል። ትምባሆ ካላቆሙት ተጠቃሚዎቹ እስከ ግማሽ ያህሉን ይገድላል። ስለዚህ ኩባንያው ዘወትር አዲስ ልጅ ያስፈልገዋል።

«ሺሻ በውሃ ይጣራል» የሚሉም አሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ጉሮሮ ስለማይቆጠቁጥ ልጁ በረጅሙ ይስበዋል፤ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይገባል። የፍራፍሬ ጣዕሙስ ለማን ተጨመረ? አርባ ዓመት ያጨሰ የከባድ መኪና ሹፌር እንጆሪ አያሰኘውም።

ቬፕ ስለተባለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ «እንፋሎት ብቻ ነው» የሚለው ወሬ በስልክ በኩል ቤት ድረስ ይመጣል። ፍላሽ የሚመስል ዕቃ ስለሆነ ደብተር መሃል ይደበቃል፤ እንደ ሲጋራ ስለማይሸትም ወላጅ አያውቅም። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን አለበት። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ እየዳበረ የሚሄድ በመሆኑ፣ ኒኮቲኑ የልጁን ትኩረትና ትምህርት ይጎዳል፤ ሱሱም ቶሎ ይይዘዋል። ጁል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለወጣቶች ያስተዋውቃል ተብሎ የተከፈተበትን ምርመራ ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 በላይ ለሚሆኑ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማምቷል። እኛ ዘንድ ቬፕም ሺሻም በዚያው አዋጅ ታግደዋል፤ «ሕጋዊ ዕቃ ነው» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

«ስፈልግ አቆመዋለሁ» የሚል የ16 ዓመት ልጅ ከልቡ ነው የሚናገረው። ሲያቆም የሚመጣበት ብስጭት፣ የእንቅልፍ እጦትና የሐሳብ መበተን ግን የሱሱ ምልክት ነው። እናትና አባት ይህን ዐመፅ ነው ብለው ዱላ ካነሡ፣ ልጁ የሚመለሰው ወደዚያው ሳጥን ነው።