ጎን ለጎን የሚታዩ ሁሉ ጎረቤት አይደሉም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ኮከብ ማየት ቀላል ነው። በግንቦት ወር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም፣ ፊታችንን ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎ በኩል እናዙር። ሰባት ደማቅ ኮከቦች ጭልፋ መስለው ይታያሉ። በጭልፋው እጀታ ላይ ካሉት ሦስቱ፣ የመካከለኛው ኮከብ ስም ሚዛር ነው። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ከሚዛር አጠገብ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ ያያል። እሷም አልኮር ትባላለች።

አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ስናይ ደግሞ በሁለቱ መካከል አንዲት ደካማ ነጭ ኮከብ ብቅ ትላለች። በዓይን ብቻ አትታይም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1722፣ ጎንደር ላይ አፄ በካፋ ነግሠው ሳሉ፣ ሊብክኔኽት የሚባል ጀርመናዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር አያት። ከቦታዋ የተንቀሳቀሰች መሰለውና፣ እንደ መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ናት አለ። በአገሩ ገዢ በሉድቪግ ስምም ጠራት። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። እንደ ፀሐይ በራሷ ብርሃን የምታበራ ኮከብ ናት።

ርቀቷስ? ብርሃን በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከሚዛርና ከአልኮር ግን 80 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የደካማዋ ኮከብ ርቀት ከዚህም ከ3 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ከሁለቱ ኋላ እጅግ ርቃ ሳለች በመካከላቸው ያለች የምትመስለው፣ በአንድ አቅጣጫ ስለምናያቸው ነው።

ይህ በአገራችንም ያለ ነገር ነው። በማታ ከመንዝ አፋፍ ላይ ሆነን ስንመለከት ሁለት እሳቶች የተጠጋጉ ይመስላሉ። አንዱ ግን ከሥራችን ካለው መንደር፣ ሌላው ከሸለቆው ማዶ ከመርሐ ቤቴ ሊሆን ይችላል።

ርቀቱ እንዴት ተለካ? አውራ ጣታችንን ከፊታችን ዘርግተን፣ ዓይኖቻችንን በየተራ እየጨፈንን ብናይ ጣታችን ይዘላል። ማዶ ያለው ዛፍ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ሊቃውንትም መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር አንዱን ኮከብ በ6 ወር ልዩነት ያዩታል። የቀረበው ይበልጥ፣ የራቀው በጥቂቱ ፈቀቅ ብሎ ይታያል።

በየመንደሩ «ኮከባቸው አልገጠመም» እየተባለ የተፈላለጉ ልጆች ሲለያዩ ሰምተናል። ኮከብ ቆጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ይደምራል እንጂ ሰማዩን አይለካም። ታዲያ ጎን ለጎን የምናያቸው ኮከቦች እንኳ እርስ በርሳቸው ሳይዛመዱ፣ የእኛን ትዳር እንዴት ይወስናሉ? ከኮከብ ቆጣሪው ይልቅ ልጁንና ልጅቷን ራሳቸውን እንጠይቅ።