ካርቶን ትከሻ ላይ ሲተኛ

ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው የደንገልን ጠባይ ያውቃል። አንዷ ዘንግ በሁለት ጣት ትታጠፋለች፤ ብዙዋ ተደራርባ ስትጠፈር ግን ሰውና ጭነት ይዛ ሐይቁ ላይ ትሄዳለች። ለስላሳው በመታሰር ይጠነክራል። ጠንካራውስ በመቆረጥ ልብስ ይሆናል?

ይሆናል፤ መቁረጫው ሌዘር ነው። ገበያ ላይ «ሌዘር» የምንለው ቆዳውን ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ ብርሃኑ ነው። እንጨት፣ ቆዳና ጨርቅ የሚቆርጠው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ዓይነት ሲሆን፣ ኩማር ፓቴል በ1964 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው። ዓይን የማያየው ጨረር ያረፈበትን አትንኖ ከሚሊሜትር የቀጠነ ስንጥቅ ይተዋል።

ምስጢሩ የስንጥቆቹ አደራደር ነው። እንደ ግንብ ጡብ፣ የአንዱ ረድፍ ስንጥቅ የሚያበቃው በሚቀጥለው ረድፍ ስንጥቅ መሐል ትይዩ ነው። እንዲህ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ሲታጠፍ በስንጥቆቹ መካከል የቀሩት ቀጫጭን ስንጥሮች እያንዳንዳቸው ጥቂት ይጠመዘዛሉ። አንዱ ረድፍ 3 ዲግሪ ቢሰጥ 30 ረድፍ 90 ዲግሪ ይሞላል። ስንጥሩ በረዘመ ቁጥር ይላላል፤ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ካልተቆረጠ ግን ቀጭ ይላል።

ማሽን ሳይኖረኝ በካርቶንና በምላጭ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ከስንጥቆቹ ጫፍ ተቀደደ፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ሹል ነጥብ ላይ ይከማቻልና። በሁለተኛው እያንዳንዱን ጫፍ በወፍራም መርፌ በሳሁት። ክቡ ቀዳዳ ጉልበቱን ስለሚበትነው ካርቶኑ ክንዴ ላይ እንደ አምባር ተጠቀለለ።

ጨርቅ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የፖሊስተር ጠርዝ በሙቀቱ ቀልጦ ስለሚታሸግ አይተረተርም፤ የጥጥ ጠርዝ ግን አይቀልጥም፣ ያርራል። የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ነጭ ጥጥ ለምትለብስ አገር ጥጥን ሳያሳርሩ ከመቁረጥ የተሻለ የምርምር ጥያቄ አይታየኝም። ፒቪሲ ያለበት አርቲፊሻል ቆዳ ግን ፈጽሞ ማሽኑ ውስጥ አይግባ፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ አሲዳማ ጋዝ ያወጣል።

የካርቶን አምባሬ ትከሻዬ ላይ እምቢ አለኝ። ቀጥ ያለ ስንጥቅ የሚታጠፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ትከሻ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይጎብጣል። በሦስተኛው ካርቶን ስንጥቆቹን አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያፈራረቅሁ፣ በማዕዘናቸው ብቻ የተያያዙ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አስቀረሁ። በቁመት ስስበው አራት ማዕዘኖቹ ዞሩ፤ ካርቶኑ በወርድም ሰፋ። ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርገው ጉብታውን ተከትሎ ተኛ።