«ኃላፊ» ተብሎ ያላለፈው

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ሱብዦንክቲፍ የሚባለውን የግስ መልክ ገና ለምዶ ሳይጨርስ ሌላ ስም ይመጣበታል፤ ሱብዦንክቲፍ ፓሴ። ሱብዦንክቲፍ በእኛ ሰዋስው ዘንድ አንቀጽ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ፓሴ ደግሞ ኃላፊ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ለአማርኛ ተናጋሪ ይጣረሱበታል። «ይመጣ ዘንድ» ወይም «እንዲመጣ» ስንል ሰውየው ገና አልመጣም፤ ዘንድ አንቀጽ ዐይኑ ወደ ፊት ነው። ታዲያ ገና ያልሆነ ነገር እንዴት ኃላፊ ይኖረዋል? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጥፋቱ ያለው በተማሪው ሳይሆን በስሙ ላይ ነው። ይህ የግስ መልክ ድርጊቱ ማለቁን ይናገራል፤ መቼ እንዳለቀ ግን ጉዳዩ አይደለም። ትናንት ያለቀም፣ ነገ የሚያልቅም በእሱ ይነገራል።

አሠራሩ ከስሙ ይልቅ የዋህ ነው። ፓሴ ኮምፖዜ የተባለውን የተለመደ የኃላፊ መልክ የሚያውቅ ሰው ሥራውን አብዛኛውን ጨርሷል። «በልቷል» ሲባል «ኢል አ ማንዤ» ነው፤ «አ» የሚለው ረዳት ግሱ አቯር ሲሆን፣ «ማንዤ» የተፈጸመውን ድርጊት የሚሸከም ቃል ነው። ረዳቱን ብቻ ወደ ሱብዦንክቲፍ ሲለውጡት «ኪል ኤ ማንዤ» ይሆናል፤ ሌላ የሚነካ ነገር የለም። ረዳቱ ኤትር፣ ማለትም «መሆን»፣ ሲሆንም እንደዚያው ነው፤ «ኢል ኤ ቭኑ»፣ ማለትም «መጥቷል»፣ ወደ «ኪል ሷ ቭኑ» ይለወጣል። ኤትርን የሚወስዱት እንደ መምጣት፣ መሄድ፣ መውጣት፣ መወለድና መሞት ያሉ ጥቂት ግሶች፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ አድራጊው የሚመለስባቸው ግሶች ናቸው፤ የቀሩት ከአቯር ጋር ይሄዳሉ። ፈተናው ያለው በጽሑፍ ነው። አቯር ለ«እኔ»፣ ለ«አንተ»፣ ለ«እሱ»ና ለ«እነሱ» አራት የተለያየ አጻጻፍ አለው፤ ሲነገር ግን አራቱም አንድ «ኤ» ናቸው። በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ አንዲት ፊደል በበቃችው። «ሷ»ም በወረቀት ሦስት ዓይነት፣ በጆሮ አንድ ነው። በድምፅ የሚለዩት «እኛ»ና «እናንተ» ብቻ ናቸው፤ ኤዮንና ኤዬ፣ ሷዮንና ሷዬ። ጾታም አለበት። በኤትር ጊዜ የድርጊቱ ቃል ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፤ የመጣችው ሴት ከሆነች «ቭኑ» ላይ አንድ ፊደል ትጨመራለች፣ አትሰማም። የሞተችው ሴት ከሆነች ግን «ሷ ሞር» የነበረው «ሷ ሞርት» ብሎ ጥርት ብሎ ይሰማል።

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። አንድ ሰው እንግዳው ይሄድበታል ብሎ ቢሰጋ «እንዳይሄድ እፈራለሁ» ይላል። የሰጋው ነገር ምናልባት ቀድሞ ሆኖ ከሆነስ? «ሄዶ እንዳይሆን እፈራለሁ» ይላል። ይህችን ሐረግ ፈታ አድርገን እንያት። «ሄዶ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ያለቀውን ድርጊት ይይዛል። «እንዳይሆን» ደግሞ «ሆነ» የሚለው ግስ በዘንድ መልክ የመጣበት ነው፤ ሥጋቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ፈረንሳዩ የመጀመሪያውን «ዤ ፐር ኪል ፓርት» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ዤ ፐር ኪል ሷ ፓርቲ»። «ሷ» የ«መሆን» ሱብዦንክቲፍ ነው፤ «ፓርቲ» የእኛ «ሄዶ» ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ እንጂ ዕቃው ያው ነው። «መጥቶ ሊሆን ይችላል» ስንልም «ሆነ» ከቦዝ አንቀጽ ጋር ተጣምሮ ይመጣል፤ ፈረንሳይኛውም በዚያ ቦታ «ሷ ቭኑ» ይላል። ልዩነቱ፣ እኛ «ሆነ»ን ለሁሉም ግስ ስንጠቀምበት ፈረንሳይኛ ሥራውን ለኤትርና ለአቯር ማካፈሉ ነው። «መጥቶ ዘንድ» አይባልም፤ «መጥቶ እንደሆነ»፣ «መጥቶ ይሆን»፣ «መጥቶ እንዳይሆን» ግን በየዕለቱ ከአፋችን የሚወጣ ነው። ስለዚህ ያ መጣረስ የመሰለን ነገር በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ድሮ ታርቆ ኖሯል።

ቀን መቁጠሪያው ዋናው ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የሚገኘው ወደ ነገ ከሚያይ ዓረፍተ ነገር ነው። «ኢል ፎ ክ ቱ ኤ ፊኒ አቫን ድመን ሚዲ» ማለት ነገ ከቀትር በፊት ጨርሰህ መገኘት አለብህ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ያለፈ ነገር አንድም የለም። ሥራው ገና አልተጀመረ ይሆናል፤ ሆኖም የግሱ መልክ ሱብዦንክቲፍ ፓሴ ነው። ምክንያቱም ተናጋሪው የሚፈልገው በሥራው መሐል እንድትገኝ ሳይሆን ቀትር ሲሆን ሥራው ከእጅህ እንዲወጣ ነው። በፓሪስ ወይም በብራስልስ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቅጹን እስከ ሰኞ ሞልተው እንዲጨርሱ የሚል ደብዳቤ ቢመጣለትና «ቩ ዜዬ ራንፕሊ» የሚለውን «ሞልተው ነበር» ብሎ ቢረዳው፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍበት ይችላል። ከሌላው ወገን ደግሞ «ዥ ቩሌ ኪል ቪየን» አለ፤ እንዲመጣ እፈልግ ነበር። ፍላጎቱ ያለፈ ነው፤ መምጣቱም ያለፈ ሳምንት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ግሱ ግን በሱብዦንክቲፍ ፕሬዛን፣ «የአሁን» በሚባለው መልክ ነው። በፈለገበት ሰዓት መምጣቱ አላለቀማ። እንግዲህ ያለፈውን «የአሁኑ»፣ የሚመጣውን «ያለፈው» ሲናገር ካየን፣ ስሞቹን ማመን ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሰዋስው የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው መቃወሚያ አለ። ፈረንሳይኛ በእርግጥ ከትናንት ጋር የሚሄዱ ሌሎች ሱብዦንክቲፎች አሉት፤ ኢምፓርፌና ፕሉ ክ ፓርፌ። በጥንቱ ሕግ ዋናው ግስ ኃላፊ ሲሆን ተከታዩም ከእሱ ጋር ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። እውነት ነው፤ በድሮ ልብ ወለዶች ውስጥ ሞልቷል። ነገር ግን የዛሬ ሰው ሲናገር አይሰማም፤ በ«መብላት» ኢምፓርፌ «ማንዣሲዮን» የሚል ቢገኝ ሰው ያሥቃል። ትምህርት ቤቱም ቢሆን ቀድሞ ለቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው የትምህርት ሚኒስትሩ መመሪያ ዋናው ግስ ኮንዲሲዮኔል በሚባለው፣ «ይሆን ነበር» ዓይነት መልክ በመጣበት ቦታ በኢምፓርፌ ፈንታ ፕሬዛን ቢጻፍ እንዲፈቀድ አድርጓል። ያረጁት ሁለቱ ከንግግር ሲወጡ ፕሬዛንና ፓሴ ብቻ ቀሩ። የቀሩት ሁለቱ ሥራውን የተካፈሉት ደግሞ ትናንትና ዛሬ ብለው አይደለም፤ ያለቀና ያላለቀ ብለው ነው። ሌላው መቃወሚያ፣ በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኃላፊ» የሚለው ስም ይሠራል የሚል ነው። ይሠራል። ዛሬ ቆሜ ስለ አንድ ያለቀ ነገር ብጠራጠር ነገሩ ያለፈ መሆኑ አይቀርም። ችግሩ ስሙ የሚሠራው ተማሪው እርዳታ በማይፈልግበት ቦታ መሆኑ ነው፤ ግራ በሚጋባበት ቦታ ላይ ጥሎት ይጠፋል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሱብዦንክቲፍ የጥርጣሬና የምኞት መልክ ነው ከተባለ፣ «ዥ ስዊ ኮንታን ክ ቱ ሷ ቭኑ»፣ በመምጣትህ ደስ ብሎኛል፣ ሲባል ምኑ ይጠረጠራል? ሰውየው መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እዚህ አማርኛው በመልክ አይመስለውም፤ «ስለመጣህ» እንላለን እንጂ ዘንድ አንቀጽ አንጠራም። በአሳብ ግን ይረዳል። «መምጣትህ ደስ አሰኘኝ» ስንል ግሱን ስም አድርገነዋል። መምጣቱን ማንም ያውቃል፣ አዲሱ ወሬ ደስታው ነው፤ ስለዚህ መምጣቱ የዜናነት መብቱን ተነጥቆ የደስታው ምክንያት ብቻ ሆኗል። ፈረንሳይኛ ይህንኑ በሱብዦንክቲፍ ያደርገዋል። ማዘን፣ መደነቅ፣ መጸጸት ሁሉ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ደስ ያለው ሰውና የመጣው ሰው አንድ ከሆኑ ሁሉም ይቀርና «በመምጣቴ» እንደምንለው «ዴትር ቭኑ» ይባላል። ይህ ማብራሪያ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ተስፋ ማድረግን የመሰለ እርግጠኛነት የሌለው ነገር የለም፤ ፈረንሳይኛ ግን ከ«ኤስፔሬ» በኋላ ሱብዦንክቲፉን ትቶ ተራውን መልክ ይጠቀማል። እንዲህ ያለውን መሸምደድ ነው፤ ምክንያት ፈልጎ መድከም ትርፉ ራስ ምታት ነው።

የቋንቋው ባለቤቶችም ቢሆኑ አልተስማሙም። «ከሄደ በኋላ» ለማለት የፈረንሳይ አካዳሚ የሚያጸድቀው «አፕሬ ኪል ኤ ፓርቲ» የሚለውን ነው፤ ከ«በኋላ» ጋር የመጣ ድርጊት በእርግጥ ሆኗልና ሱብዦንክቲፍ አያስፈልገውም። ሕዝቡ ግን «አፕሬ ኪል ሷ ፓርቲ» ይላል፤ በሬዲዮም፣ በጋዜጣም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት መንትያው «አቫን ክ»፣ ማለትም «ከ...በፊት»፣ ሱብዦንክቲፍ ስለሚጠይቅ ጎትቶት ነው የሚል ነው። ይሆናል። ግን መንትያው የጎተተው ወደ ሱብዦንክቲፍ ብቻ ነው፣ ወደ ፕሬዛኑ አይደለም፤ «አፕሬ ኪል ፓርት» ሲባል አይሰማም። ሕግ የሚጥሰው ተናጋሪ እንኳ ድርጊቱ ማለቁን የሚያሳየውን መልክ መርጦ ነው የሚጥሰው።