ከፖስተሩ የተቆረጠው ሰውዬ

ነጭ ቀሚሷን ነፋስ ከታች ሲገልብባት፣ በእጇ ይዛ የምትስቀውን ማሪሊን ሞንሮን ያላየ ይኖራል ብዬ አላስብም። ከጸጉር ቤት ግድግዳ እስከ ቡና ኩባያ ድረስ አለች። ምስሉ የፊልም ማስታወቂያ እንደነበረ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ፊልሙ ከመድረክ ኮሜዲ መወሰዱን የሚያውቅማ ከነጭራሹ ብርቅ ነው።

የታወቀውን ቶሎ እንጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆርጅ አክስልሮድ የጻፈው ተውኔት «ዘ ሰቨን ይር ኢች» በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ 1,141 ጊዜ ታየ። በ1955 ቢሊ ዋይልደር ፊልም አደረገው። ባልየው በበጋው ሙቀት ሚስቱንና ልጁን ወደ ገጠር ይሸኛል፤ ከላይኛው ፎቅ ቆንጆ ልጅ ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ምኞትና ፍርሃት ሲያንገላቱት እናያለን። ሞንሮ የምትጫወታት ይህች ልጅ ስም እንኳ የላትም።

አሁን ወደ ፖስተሩ። እዚያ ላይ ሞንሮ ብቻዋን አይደለችም። አጠገቧ አንድ ወንድ ቆሞ ያያታል። ቶም ዩዌል ነው፤ ለእኔ የፖስተሩ ጨዋታ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። እሱን ካወጣችሁት የሚቀረው የቆንጆ ሴት ፎቶ ነው። እሱ ሲኖር ግን ታሪክ አለ፦ ሚስቱ ከከተማ የወጣችበት፣ ማየት ያማረው፣ ማየቱን ደግሞ ሰው እንዳያይበት የሚሰጋ ባል። ኮሜዲ የሚባለው ይኼ ነው።

ዩዌል እንዲያው የተገኘ ተዋናይም አይደለም። ይህንኑ ባል መድረክ ላይ ሌት ከሌት ተጫውቶ በ1953 የቶኒ ሽልማት ወስዶበታል። ዋይልደር ለፊልሙ ዋልተር ማታውን ፈልጎ፣ ካሜራ ፊት አቁሞ ፈትኖት ነበር፤ በመጨረሻ ሚናው ለዩዌል ሆነ። ስለዚህ ያንን ወረቀት ከተውኔቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው እሱ ነው። የዛሬ አባዦች ቆርጠው የሚጥሉትም እሱኑ ነው! አንድ ፍሬም የሚሸጥ ልጅ «ሰውዬው የት ሄደ?» ብለው፣ «የቱ ሰውዬ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ቆረጣውን የጀመረው ስቱዲዮው ራሱ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ታይምስ ስኩዌር በሚገኘው የሎውስ ስቴት ሲኒማ ፊት ላይ 52 ጫማ ቁመት ያላት ሞንሮ ተሰቀለች፤ ዩዌል ቦታ አላገኘም።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ያቺ የቀሚሷ ትዕይንት ፊልሙ ላይ እንዴት ደስ ትላለች!» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የቷ ትዕይንት? ፊልሙን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ባልየውና ልጅቷ የባሕር ጭራቅ ፊልም አይተው ይወጣሉ፤ እሷ ለጭራቁ አዝናለች። ከእግሯ በታች የምድር ውስጥ ባቡር ሲያልፍ በፍርግርጉ ነፋስ ይወጣል። ካሜራው እግሯንና ቀሚሷን ያሳያል፤ ከዚያ ፊቷን ያሳያል። ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ፣ ቀሚሷ ተበትኖ፣ በአንድ ላይ የምትታይበት ቅጽበት የለም። እሱ ያለው በፎቶና በፖስተር ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1954 ሌሊት፣ ሌክሲንግተን ጎዳና ላይ፣ 52ኛው መንገድ አጠገብ ቀረጻው ሲካሄድ ፎቶ አንሺዎችና ተመልካች ሕዝብ ግጥም ብለው ነበር። በጩኸቱ ምክንያት ትዕይንቱ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀረጸ። ዓለም የሚያውቀው ምስል ግን ከዚያ ሌሊት ፎቶዎች የመጣ ነው። በእኔ ግምት የስክሪኑም ቅርጽ ሳያግዝ አልቀረም፤ ፊልሙ የተነሳበት ሲኒማስኮፕ ወደ ጎን በጣም የሰፋ ነው፤ የቆመ ሰው ሙሉ ቁመት የሚያምርበት ወደ ላይ የረዘመ ወረቀት ላይ ነው።

ሳንሱርም ነበር። በተውኔቱ ባልየው ከልጅቷ ጋር ያድራል፤ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ይህንን ስለከለከለ ፊልሙ ከመሳሳም አላለፈም። ፖስተሩ እንግዲህ ፊልሙ የማይሰጠውን ቃል ገባ። ማታለል ነው? ይሁን። ግን ፊልሙ ራሱ ይህንኑ ይስቅበታል። ባልየው የሚተዳደረው በምን መሰላችሁ? በ25 ሳንቲም የሚሸጡ የኪስ መጻሕፍት በሚያትም ድርጅት ተቀጥሮ፣ ነባር መጻሕፍትን ቅመም በበዛበት ሽፋን እያስዋበ ነው። የሉዊዛ ሜይ አልኮትን «ሊትል ዊመን»፣ ያንን የጨዋ ቤተሰብ ልብ ወለድ፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ምስጢር የሚያወጣ አስመስሎ ርእስ ይቀይርለታል። የሽፋን አጭበርባሪን በዋና ገጸ ባሕርይነት ያቀረበ ፊልም፣ እንዲህ ያለ ፖስተር ሲያወጣ፣ ቀልዱ ከሲኒማ ቤቱ በር ይጀምራል ማለት ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ ሁለት ቃል። መደበኛው ፖስተር 27 በ41 ኢንች ነው፤ 24 በ36 ከሆነ በኋላ የታተመ ነው። በዚያ ዘመን ፖስተር ታጥፎ ለሲኒማ ቤቶች ይላክ ስለነበር የእጥፋት መስመሩ ነውር አይደለም፤ «ላስተካክለው» ብላችሁ ካውያ እንዳታሳርፉበት፣ በፕላስተርም እንዳትጠግኑት። አከፋፋዩ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ግርጌው ላይ ቁጥር ያትም ነበር፤ የ1955 ፊልም ቁጥሩ በ55 ይጀምራል። ኦሪጅናሉ ኪሳችሁን ከጎዳ ቅጂ መግዛት አያሳፍርም፤ ብቻ ሻጩን ዩዌል ያለበትን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ከሌለው ዋጋ አስቀንሱ፤ የሸጠላችሁ ግማሹን ነው።