ደርቦ ማለፍና የተጎጂ ሰው መብት



አንድ መኪና ሌላውን ደርቦ ሊያልፍ ሲል አደጋ በደረሰ ጊዜ በአገራችን ዘወትር የሚሰማው ቃል «የእግዜር ቁጣ ነው» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፥ እንዲህ ያለው አደጋ የሰው ጥፋት መሆኑን፥ ለጥፋቱም ሕጋችን መልስ ያዘጋጀለት መሆኑን፥ ነገር ግን መልሱ የሚገኘው መብቱን ዐውቆ በጊዜው ለጠየቀ ሰው መሆኑን ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከመካከላችን ብዙዎቹ ወደ ወላጆቻቸው አገር በአውቶቡስና በሚኒባስ ስለሚጓዙ ነገሩ ለሁላችንም የቀረበ ነው።

አስቀድሞ ደርቦ ማለፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ በሒሳብ እንመልከት። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መኪና የሚነዳው ቀኝን ይዞ ነው፤ ስለዚህ የሚደርብ ሾፌር ወደ ግራ ወጥቶ ከፊት ለፊት ለሚመጣው በተመደበው ስፍራ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የጭነት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ ሊቀድመው ፈለገ እንበል። የፍጥነታቸው ልዩነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፥ ይኸውም በሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የጭነት መኪናውን ርዝመትና ከኋላውም ከፊቱም ሊተው የሚገባውን ርቀት ደምረን 50 ሜትር ብንል፥ ሚኒባሱ ለማለፍ 9 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። በ9 ሴኮንድ ውስጥ እርሱ 200 ሜትር ይሄዳል፤ በዚያው ፍጥነት ከፊት የሚመጣውም 200 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ሾፌሩ 400 ሜትር ጥርት ብሎ የሚታይ ባዶ መንገድ ካላገኘ በሰው ሕይወት ዕጣ መጣሉ ነው። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ወይም በጣርማ በር አቀበት ላይ 400 ሜትር አሻግሮ የሚያይ ማን ነው? በኩርባና በአቀበት ጫፍ ላይ መደረብ የተከለከለውም ስለዚህ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰው ግን አይለቀምም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ሕግ ሁለት መንገድ ይከፍታል። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ሰው ስለሚጎዳ፥ እያንዳንዱን ለየብቻው ላስረዳ።

የመጀመሪያው የወንጀል መንገድ ነው። በዚህ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ፖሊስ ይመረምራል፥ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኛነት ሰው የገደለ ይቀጣል። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ እንደ ሆነ፥ ወይም ጥፋተኛው በግልጽ የተደነገገውን ደንብ ዐውቆ የጣሰ እንደ ሆነ፥ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ይሁን እንጂ መቀጮው የሚገባው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንጂ ወደ ተጎጂው ቤት አይደለም። ሾፌሩ ታሰረ ማለት የተሰበረው እግር ታከመ፥ አባት የሞተባቸው ልጆች ቀለብ አገኙ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር መንገድ ነው፤ ከሳሹም ራሱ ተጎጂው ነው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። «ሾፌሩ ድኻ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የሕጉ ብልኀት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፥ እርሱ ራሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፥ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ኀላፊነቱ አይቀርለትም። የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ፥ ወይም ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት እንደ ደረሰ ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር ሲሄድ የተገጨ እግረኛ ባለቤቱን ሲከስ የሾፌሩን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለበትም። ሾፌሩ በተቀጠረበት ሥራ ላይ ሳለ ያጠፋ እንደ ሆነም ቀጣሪው ይጠየቃል።

ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይቆጥራል፤ የእያንዳንዱም ባለቤት የጉዳቱን እኩሌታ እንዲሸከም ያደርጋል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ቀኙን ይዞ በሥርዐት ይመጣ የነበረው ሰው፥ ያኛው በኩርባ ላይ ደርቦ እንደ መጣበት ካላስረዳ፥ ጥፋት ሳይኖርበት እኩሌታውን ሊከፍል ነው።

ከዚህ የምንማረው ማስረጃ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች መሆኑን ነው። ሰውን ከማዳን በቀር፥ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን ሳያነሣ መኪናዎቹንና ስብርባሪውን መነካካት አይገባም። የጎማው ምልክት በየትኛው ወገን እንደ ቀረ፥ መስታወቱ የት እንደ ወደቀ፥ የመንገዱ መስመር ያልተቆራረጠ መሆኑ፥ እነዚህ ሁሉ ዝም ያሉ ምስክሮች ናቸው። ስልክ በኪሱ ያለ ሰው ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የታርጋ ቁጥርና ያዩ ሰዎችን ስምና አድራሻ ይጻፍ፤ የሐኪም ወረቀትና የመድኀኒት ደረሰኝ አይጣል። ተሳፋሪ የነበረም ትኬቱን ይጠብቅ፤ በተሳፈረበት መኪና ባለቤት ላይ የሚያቀርበው ጥያቄ በማጓጓዣ ውል ላይ የተመሠረተ ነውና።

ምን መጠየቅ ይቻላል? የሕክምና ወጪ፥ ከሥራ በመቅረት የታጣ ገቢ፥ ወደ ፊት በአካል ጉዳት ምክንያት የሚቀር ገቢ፥ የተበላሸ ንብረት ዋጋ ይጠየቃል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው፥ ወላጆቹና ልጆቹ ከእርሱ ያገኙት ለነበረው መተዳደሪያ ካሣ ሊጠይቁ ይችላሉ። ለሐዘኑ ማለት ለኅሊና ጉዳት ግን የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 2116 ካሣው ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ግን ገበያ የሚወጡት እናቶቻችን ያውቃሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጥር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ባለ መኪናው የሚከፍለው ቢያጣስ? ስለዚህ ነገር አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን በመንገድ ላይ እንዳያወጣ ያዛል። ለተጎጂውም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው የሆነ እንደ ሆነ፥ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፍል ፈንድ ተቋቁሟል። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ የሆነውን ጉዳት ግን ከባለቤቱና ከሾፌሩ መጠየቅ አይከለከልም።

ጊዜውም መዘንጋት የለበትም። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ሲሆን ብቻ በዚያው በረዘመው ይታሰባል። ለብቻ መክሰስ የሚከብደውም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በቁጥር 154 እንደሚፈቅደው፥ የካሣውን ጥያቄ የወንጀሉን ጉዳይ ለሚሰማው ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢለቀቅም የካሣው በር አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይገደድምና።

በመጨረሻ ስለ ሽምግልና ልናገር። ሽማግሌ ተቀምጦ ማስታረቁ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ ሕጉም ዕርቅን ያከብራል። ነገር ግን ስለሚያከብረው ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፤ በዕርቅ ያለቀ ነገር በታራቂዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናልና። በሰፈራችን አንዲት እናት ባለቤታቸው እንዲህ ባለ አደጋ ሞተውባቸው፥ ገና ድንኳኑ ሳይነሣ ከባለ መኪናው በኩል ሰዎች መጡ። ለቀብር የወጣውን ገንዘብ ሰጥተው፥ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አስፈረሟቸው። እኒያ እናት አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ልጆቹ የመተዳደሪያ ካሣ ሊጠየቅላቸው ይችል እንደ ነበረ የሰሙት ከፈረሙ በኋላ ነው። ታላቁ ልጅ ዛሬ ከትምህርቱ ቀርቶ የቀን ሥራ ይሠራል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሕጉን የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምለምነው፥ የሕመሙ መጨረሻ ሳይታወቅ፥ ሕግ ዐዋቂም ሳይጠየቅ ምንም ወረቀት እንዳይፈርሙ ነው። እኛ ተማሪዎችም ተሳፍረን ስንሄድ ሾፌሩ በኩርባ ላይ ሊደርብ ሲል ዝም አንበል፤ «ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያሉት ስለ ገንዘብ ሳስተው አይደለም፤ መብቱን ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚጎዳ ስላወቁ ነው።