ማታ 2 ሰዓት የበሉ እናት

አንዲት የባሶ ሊበን እናት ስኳር ሳይኖርባቸው አይቀርም ተብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ለምርመራ መጥተዋል እንበል። ነርሷ «እናቴ፣ ትናንት መጨረሻ የቀመሱት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ስትላቸው፣ «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ልጄ፤ ከዚያ ወዲህ እህል አፌ አልገባም» ይላሉ። ደማቸው የተወሰደው ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ 12 ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ቆይተዋል። መልሱን የሚመዘግበው ግን በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ታብሌት ነው። ነርሷ 2 ቁጥርን ስትነካ፣ ማሽኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደበሉ አድርጎ ይይዘዋል። በእሱ ስሌት የጾሙት 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ የባዶ ሆድ ምርመራ ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ይፈልጋል። ውጤቱ 140 ቢመጣ፣ ሐኪሙ «በልተው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ግን፣ ተደግሞ ከተረጋገጠ፣ የስኳር ሕመም ነው።

ታካሚ ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሚሰማው ሁሉ በስልክ ወይም በታብሌት የሚሞላበት የመቀበያ ቅጽ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። እዚያ ሕመምተኛው ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሞላዋል። በጎጃም ደጋ ያ አይሠራም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የምትጠይቀውም የምትሞላውም ነርሷ ናት፤ ቅጹም የሚመዘነው እሷ ጮክ ብላ ስታነበው ሰው ገብቶት ይመልሳል ወይ በሚለው ነው።

ስኳር ከሌላው ሕመም ይልቅ እንዲህ ያለ ቅጽ ይፈልጋል። ወባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ስኳር ያለበት ግን ዕድሜ ልኩን ይመላለሳል። ካርዱ እየወፈረ፣ የሐኪሞቹ ጽሕፈት እየተደራረበ ይሄዳል። ባለፈው ቀጠሮ ልኩ ስንት ነበር? እግሩ የታየው መቼ ነው? ወረፋው በበዛበት ቀን ይህን ከካርዱ ፈልፍሎ ለማውጣት ጊዜ የለም።

ካርዱ ከተገኘ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ስም ሲፈለግ አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ጸሃይ» ብሎ ጽፎ ከሆነ ማሽኑ ሦስት ሴቶች አድርጎ ያያቸዋል። ፕሮግራሙ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን እንዲያጠቃልል አስቀድሞ ካልተሠራ አንድ ሰው ሦስት ካርድ ያወጣል። በስልክ ቁጥር መፈለግም አያዋጣም፤ አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ የሚያገለግልበት ቤት ብዙ ነው። የልደት ዓመትም ጣጣ አለው። በ1960 የተወለደ ገበሬ በ2017 ዓ.ም. 57 ዓመቱ ነው። ዓመቱ እንደ ፈረንጅ ከተወሰደ ግን 65 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የልብ ሕመም ስጋት ሰንጠረዥ ዕድሜን በ5 በ5 ዓመት ስለሚከፍል፣ ሰውየው ባልሆነው ረድፍ ይመደባል። ይህ ሊስተካከል የማይችል ነገር አይደለም፤ አገሪቱ ለጤና ሪፖርት የምትጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨው ዲኤችአይኤስ2 የተባለ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል።

ከሰዓትና ከቀን የሚከብደው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ከውጭ የመጣ ቅጽ «አልኮል ይጠጣሉ?» ይላል። የጎጃም ገበሬ «ኧረ እኔ አልጠጣም» ይላል፤ መዋሸቱም አይደለም። የማኅበር ጠላ ለእሱ ከመጠጥ አይቆጠርም። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ እየተባለ በየስሙ ቢጠየቅ ግን ቁጥሩን ራሱ ይናገራል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላማይድ ውጦ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ እርሻው ላይ ሊወድቅ ይችላል። «ይጾማሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሐኪሙ ይከለክለኛል ብሎ የሚደብቅ አይጠፋም። «በጾም ቀን መጀመሪያ የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው? መርፌውንስ መቼ ይወጋሉ?» የሚል ጥያቄ ግን ጾሙን አይነቅፍም፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስተካክልበትን መረጃ ያገኛል። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚጨመር ቢሆን የሚመረጠው ይኸው ነው።

እግር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋው ባለቤቱ አያውቅም። «እግርዎ ላይ እብጠት አለ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ በዚህ አካባቢ ብቻውን አይበቃም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት 3.3 በመቶ በሚሆነው ሰው ላይ ተገኝቷል። እብጠቱ ከዝሆኔ ይሁን፣ ከኩላሊት ወይም ከልብ፣ ከመረቀዘ ቁስል ይሁን ቅጹ ራሱ አይለይም። ሊያደርግ የሚችለው ነገር ግን አለ፤ «ጫማና ካልሲ ወልቆ በጣቶቹ መካከል ታይቷል?» የሚለው ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው ገጽ አላሳልፍም ማለት ይችላል። ወረቀት ይህን አይችልም። የቸኮለ ባለሙያ ሳያይ «አዎ» ብሎ ቢነካውስ? ለዚህ ታብሌቱም መድኃኒት የለውም።

ስኳር የወፍራም ሰው ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብም ቅጾች ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጎንደር አካባቢ ጥናት ያሳየው ሌላ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች አብዛኞቹ ድሆችና ከሲታዎች ነበሩ። በምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር ሕመም አለ የሚለው የቆየ ክርክርም በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሲሰጠው እንደገና ተነሣ። ስለዚህ ለጎጃም የሚዘጋጅ ቅጽ ክብደትን ብቻ ሳይሆን የልጅነት ረሃብንም ቢጠይቅ ያስኬዳል።

ኢትዮጵያ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ አዲስ አይደለችም። ዛምቢያ ውስጥ የተሠራው ስማርትኬር የተባለ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ወደ አገር ውስጥ ሆስፒታሎች ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢንያም ጥላሁንና ፍሉር ፍሪትዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ5 ሆስፒታሎች ጥናት ግን ከባለሙያዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት በአሠራሩ አልረኩም። ባለሙያ አንዱን ነገር መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በኮምፒውተር እንዲጽፍ ከተደረገ፣ ሁለተኛውን መተዉ የማይቀር ነው።

በዚህ ላይ የኢንተርኔት መስመር ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት ቅጽ ለዚህ አካባቢ አይሆንም። እንደ ኦዲኬ ያሉት ነፃ ፕሮግራሞች ግን የተሞላውን ስልኩ ላይ አስቀምጠው መስመር ሲመጣ ይልኩታል። ታብሌቱ መቆለፍም አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል።

ወረቀትም ጨርሶ አይቀርም። ከታብሌቱ ጎን ትንሽ ማተሚያ ቢኖር፣ ከሮብ ገበያ የመጣ ሕመምተኛ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመጨረሻውን የስኳር ልክና የቀጠሮውን ቀን በእኛው አቆጣጠር የያዘ ብጣሽ ወረቀት ኪሱ ከትቶ ይወጣል። መንገድ ተዘግቶ ደብረ ማርቆስ መድረስ ሲያቅተው፣ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ኢንሱሊኑ ስንት ዩኒት እንደነበር የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው።