ደም የሚቆጥብ አንድ ግራም

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው የሚያገኟት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። የቆላው ሙቀት ለማሾና ለሽንኩርት ተስማሚ ነው፤ ለወባም እንዲሁ። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያወድማል። ስለዚህ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን ሊያስቀይር ከዚህ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ደሙ አስቀድሞ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ለእርሱ ብዬ ነው።

መገጣጠሚያ ሲቀየር ሐኪሙ ያለቀውን የአጥንት ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ ይተካዋል። የተቆረጠ የደም ሥር ይቋጠራል፣ ወይም ይተኮሳል። የተቆረጠ አጥንት ግን እንደ ስፖንጅ ከየቀዳዳው ያዣል፤ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላም ለሰዓታት አያቆምም። በጠቅላላው አንድ ሊትር ያህል ሊፈስ ይችላል።

ሰውነት ቁስሉን ለመድፈን ፋይብሪን የተባለ የክር መረብ ይሠራል። ወዲያው ደግሞ ፕላስሚን የተባለው ኢንዛይም ክሩን መበጣጠስ ይጀምራል፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ ይህ ሥራው ይበረታል። መድኃኒቱ በራሱ ደም አያረጋም። ፕላስሚን የሚወጣበት ፕላስሚኖጅን ከፋይብሪን ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ የረጋውም ሳይፈርስ ይቆያል። ቆዳው ከመከፈቱ በፊት 1 ግራም ያህል በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ሲያበቃ የሚደግሙት ሐኪሞችም አሉ።

መድኃኒቱን ያገኙት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ ናቸው፤ ጥናታቸው የወጣው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ኡታኮ ምኞቷ በወሊድ ደም የሚፈሳቸውን እናቶች ማትረፍ ነበር፤ የምትኖርበትን ከተማ የማህፀን ሐኪሞች ግን እንዲሞክሩት ማሳመን አልቻለችም። ያ ምኞት በ20,000 እናቶች ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሷ በ98 ዓመቷ ካረፈች ከአንድ ዓመት በኋላ። ይህን ያህል መዘግየቱ ያሳዝነኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 9,535 የቀዶ ጥገና ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ከባድ መድማትን ከ11.7 ወደ 9.1 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

መድኃኒቱ በመኪና አደጋ ለሚደማም ይሰጣል፤ በ3 ሰዓት ውስጥ ከሆነ። በጣርማ በር መንገድ ላይ ይህ ሰዓት ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እዚያው ቆላው ውስጥ ካለ ጤና ተቋም መጥፋት የለበትም።

እናንተም መገጣጠሚያ ልታስቀይሩ ከሆነ፣ የደም መጠናችሁን ቀደም ብላችሁ ተመርመሩ። እግራችሁ ወይም ሳንባችሁ ውስጥ ደም ረግቶ የሚያውቅ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ከዚያም ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጠኝ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።